ኤፍ ዋን ተጭነው ይለፉ

ጥሊሊ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ጡረተኛ መምህር ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ አድርጎ መረጣቸው። ስማቸውን አልጠራም። እሳቸውንም ሆነ ከእሳቸው በኋላ የሚመጡትን ሰዎች ለምሳሌ ያቆምኳቸው ናቸውና ስም አያሻቸውም። የማሽኑ ነገር ግን ፈጠራ የለበትም፤ አሮጌ ኮምፒውተር ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ኮምፒውተሩን የላከላቸው አዲስ አበባ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር በጨረታ የወጣ ነበር፤ ሲፒዩው ጎን ላይ የንብረት ቁጥሩ በቀይ ቀለም እንደተጻፈ ቀርቷል። ባለቤታቸው ሞኒተሩን ዳንቴል አለበሱት። ልጁ ለበዓል ሲመጣ የእድሩን መዝገብ የሚይዝ ሠንጠረዥ ሠራላቸው። አባል መዋጮውን ሲከፍል መምህሩ እንደ ጥንቱ ካርኒ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ በሠንጠረዡ ላይ ከስሙ አንጻር ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ የዕለቱ ቀን ራሱ ይገባል። ሠንጠረዡ ቀኑን እያየ ክፍያውን በየወሩ ይመድባል፤ ማን ከፍሏል፣ ማን ውዝፍ አለበት የሚለውን ለይቶ ያወጣል። መምህሩ በዚህ ተደሰቱ። ድሮ አንድ እሑድ ሙሉ የሚፈጀው የውዝፍ ዝርዝር ቡና እስኪፈላ ይደርስ ጀመር።

ጥሊሊ ደጋ ናት። ክረምት ሲገባ ሰማዩ በዘንገና ሐይቅ በኩል ይጠቁርና ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም ያመሻል። ባለቤታቸው የመጀመሪያውን ነጎድጓድ እንደሰሙ ከእሳት ዳር ተነሥተው ቴሌቪዥኑንም ኮምፒውተሩንም ከሶኬት ይነቅላሉ። መብረቅ የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲያቃጥል ያዩ ሰው ናቸውና አልተሳሳቱም። ቆይቶ ግን ልማድ ሆነና በበጋውም ሲመሽ መንቀል አልተዉም።

አንድ የሐምሌ ጠዋት መምህሩ ማሽኑን ሲከፍቱ የለመዱት የዊንዶውስ ሥዕል ቀረ። ጥቁር ገጽ ላይ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተደርድረው ቆሙ። «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» ይላል። ቀጥሎ፣ ፋብሪካ የሰጠኝን አሠራር ጭኛለሁ ይላል። ከሥሩ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ ለመቀጠል ኤፍ ዋንን፣ ለማስተካከል ዲሊትን ይጫኑ።

ስልክ ደወሉ።

«ጋሼ፣ ምንም ችግር የለውም» አለ ልጁ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ይመስላል። «ኤፍ ዋን ተጭነው ይለፉ።»

ተጫኑ፤ ማሽኑ አለፈ። በማግሥቱም ያው ጽሑፍ መጣ፤ ተጫኑ፤ አለፈ። ወሩ ሳያልቅ ጽሑፉን ማንበብ ተዉ። እጃቸው ማብሪያውን ይነካል፣ ወደ ኪቦርዱ የላይኛው መደዳ ይሄዳል፣ ይጫናል፤ ዓይናቸው በመስኮት ፈረስ እየሳበ የሚያልፈውን ጋሪ ያያል።

አሁን ያ ጽሑፍ ምን ይል እንደነበር ልናገር፤ ምክንያቱም ማሽኑ እውነቱን አልደበቀም። በአሮጌ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ አንዲት ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ አለች። ስሟ ሲአር 2032 ነው። ቁጥሩ ልኳ ነው፤ ወርዷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር፤ ጉልበቷ 3 ቮልት። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውምና በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ስንት ነው፣ ሰዓቱ ስንት ነው እያለ ባለቤቱን ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣው አይቢኤም ኤቲ ነው ጠፍቶም በባትሪ የሚቆጥር ሰዓት ማዘርቦርዱ ላይ ይዞ የተነሣው። ሰዓቱን የምታስኬደው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ትንሽ ክሪስታል ናት፤ ይህ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲከፈል ልክ አንድ ላይ ያርፋል፤ ያቺ አንድ ሴኮንድ ናት። የሒሳብ መምህር ይህን ቢሰሙ እንዴት ደስ ባላቸው፤ ግን ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም።

ከሰዓቷ ጋር ትንሽ ማኅደር አለች፤ ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ፣ ዲስኩን በምን ዓይነት አሠራር እንደሚያነብ የምትይዝ። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር በማኅደሯ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ይደምራል፤ ድምሩን ቀድሞ ከተመዘገበው ድምር ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ፣ ድምሩ አልገጠመም ይላል። ቼክሰም ኤረር ማለት ይኸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙ የኖሩ ሰው፣ ድምሩ አልገጠመም የሚል ጽሑፍ በየጠዋቱ ፊታቸው እየቆመ ይለፍ አሉት።

ድምሩ የተዛባው ባትሪዋ ስላለቀች ነው። ኮምፒውተር ጠፍቶም ሶኬቱ ላይ ከተሰካና መብራት ካለ ሰዓቱ ከግድግዳው ጥቂት ኤሌክትሪክ እያገኘ ስለሚሄድ ባትሪዋ አትደክምም። ሲነቀል ግን ሸክሙ ሁሉ በእሷ ላይ ነው። ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ በየምሽቱ እየነቀሉ፣ በዚያ ላይ መብራቱ እየሄደ፣ አርጅታ የመጣችው ባትሪ እስከ ሐምሌ ድረስ መቆየቷም ደግ ነው።

መምህሩ ነገሩን ለሰው አላወሩም ማለት አይቻልም። አንዱ ራሙን አውጥተው በላጲስ ይጥረጉት አላቸው። (ይህ ምክር የሚሠራው ለሌላ ሕመም ነው፤ የራሙ እግር ቆሽሾ ማሽኑ እየጮኸ ስክሪኑ አልመጣ ሲል በላጲስ ተጠርጎ የተነሣ ኮምፒውተር ብዙ ነው።) ሌላው ቫይረስ ነው አለ። ሦስተኛው፣ ጥገና የሚሞክር ወጣት፣ በጋሪ አስጭኖ ወሰደውና ፎርማት አደረገው። በአገራችን ኮምፒውተር ምንም ይታመም ምን የመጀመሪያው ፍርድ ፎርማት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ፎቶግራፍ ጠፋ፤ የእድሩ ሠንጠረዥ በፍላሽ ተቀምጦ ስለነበር ተረፈ። ኮምፒውተሩ ቤት በገባ ማግሥት ያው ጥቁር ገጽ፣ ያው ነጭ ፊደል ተመልሶ መጣ። መምጣቱም አይቀርም። ጽሑፉ የሚታየው ዊንዶውስ ገና ሳይነሣ ነው፤ ዊንዶውስን ሺህ ጊዜ ቢለውጡት ከእሱ በፊት የሚመጣውን ነገር አያጠፋውም። ፎርማት ያደረገው ወጣትም ስልክ ሲደወልለት ያለው ያንኑ ነው፤ «ኤፍ ዋን ተጭነው ይለፉ።»

በአንዳንድ ማሽን ላይ ይህችው ባትሪ ስትሞት ዲስኩ የሚነበብበት አሠራር ይለወጥና ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ይቀራል። የመምህሩ ማሽን እንዲያ ቢያደርግ ኖሮ በሳምንቱ ይጠገን ነበር ብዬ አስባለሁ። እሱ ግን ያልፋል። የሚያስቆም ብልሽት ሰው ያስጠራል፤ የሚያሳልፍ ብልሽት ይለመዳል።

ባትሪዋ ከሞተች ወዲህ ማሽኑ ተነቅሎ ባደረ ቁጥር ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ይመለሳል፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1994 ዓ.ም መሆኑ ነው። ይህን ሰው እንዴት አያይም ትሉ ይሆናል። እኛ ግን የኮምፒውተር ሰዓት ከጥንቱም የእኛ ሆኖ አያውቅም። ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ይላል፤ ሐምሌን ጁላይ ይላል፤ ዓመቱ ሰባትና ስምንት ይርቃል። ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር እንግዳ ነገር ቢያሳየን የፈረንጅ ነው ብለን እንተወዋለን። የወንድማቸው የልጅ ልጅ በስልኳ ኢንተርኔት አገናኝታው ድረ ገጾቹ ሁሉ አንከፈትም ሲሉ ኔትወርኩን ነበር የረገመችው። ድረ ገጾቹ የያዙት የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ በ1994 ላይ ለቆመ ማሽን ገና ያልተጻፈ ወረቀት ነው።

መምህሩ ጨርሶ አላወቁም ማለት ግን አይደለም። ረፋድ ላይ፣ ሻይ ጠጥተው ሲቀመጡ፣ ቀኑ መዛባቱን ያዩትና በእጃቸው ያስተካክሉታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከፋይ ሁሉ በትክክለኛው ቀን ይመዘገባል። ከዚያ በፊት የመጣው፣ ገና ማሽኑ እንደተከፈተ በር ላይ ቆሞ የጠበቀው፣ 1994 ውስጥ ይገባል። ይህ የማለዳ ከፋይ ማነው? ገበያ የሚወርድ፣ ድንች የሚጭን፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከሰል አይሱዙ ላይ ለማስጫን የሚጣደፍ፣ መዋጮውን ሳይከፍል ሥራ የማይጀምር ሰው ነው። ሠንጠረዡም እነዚህን ለቅሞ በውዝፍ መዝገብ ላይ አሰፈራቸው።

ከእነሱ አንዷ ድንች ነጋዴ ነበረች። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች የመምህሩ የራሳቸው ተማሪ ናት። አንድ ኩንታል ድንች በኪሎ ሲሸነሸን ስንት እንደሚያወጣ ወረቀት ሳትይዝ ታሰላለች። ባሏ ከሞተ ዓመታት ሆኖታል። በኅዳር እናቷ አረፉ።

ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ድስቱና አግዳሚው ወንበር መጣ፤ ገንዘቡ ግን ቀረ። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ከሦስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት አባል ዕዳውን እስኪያጠራ ገንዘብ አይሰጠውም ይላል። ገንዘብ ያዡ ይህን ሊነግራት ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ፤ ድንኳን ውስጥ ግን ሹክሹክታ ከጩኸት ይበልጥ ይሰማል።

«ከፍያለሁ» አለች።

መምህሩ ተጠሩ። ወረቀቱን አወጡ። «ከሐምሌ ጀምሮ ያለው ባዶ ነው፣ ልጄ።»

«ከፍያለሁ አልኩ እኮ፣ መምህር። በእጅዎ ነው የሰጠሁዎት።»

«እኔ በቃሌ አልይዝም። ኮምፒውተሩ ነው የሚይዘው፤ እሱ ደግሞ ለማንም አያዳላም።»

ለቀስተኛው ዝም አለ። አንዳንዱ ስለ እሷ አፈረ። እሷም ሙሾ የሚያወርዱት አሮጊቶች በአገውኛ የጀመሩትን እስኪጨርሱ ጠብቃ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወደ እናቷ ሬሳ ተመለሰች።

ሣልስት ባለፈ ማግሥት በማለዳ የመምህሩን በር አንኳኳች። የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ነበር። ከውስጡ በላስቲክ የታሰሩ የካርኒ ቁራጮች አወጣችና ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፤ አንዱም አልጎደለም። ጽሑፉ የመምህሩ ነው፤ የሰባት ቁጥርን እግር የማስረዘም ልማዳቸው ሳይቀር አለበት። ፊርማውም የእሳቸው ነው።

መምህሩ ለረጅም ጊዜ አገላበጡት። ከዚያ ማሽኑን ከፈቱ። ጥቁሩ ገጽ መጣ። እጃቸው ወደ ላይኛው መደዳ ሄደ።

«ቆይ፣ መምህር» አለች። «ይኼ ምንድን ነው የሚለው?»

«ምንም አይደል፤ ሲነሣ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል።»

«ምን ይላል?»

መነጽራቸውን አደረጉና ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት። በአማርኛ እየመለሱ ነገሯት። ድምሩ አልገጠመም ይላል። ከፋብሪካ የተሰጠኝን ጭኛለሁ ይላል። ለመቀጠል ይህን፣ ለማስተካከል ያንን ይጫኑ ይላል።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እርስዎስ ምን ይሉታል?»

መምህሩ አልመለሱም። እሷም የእናቷ ሐዘን ላይ የነበረች ሰው ናትና በትሕትና አላለፈችውም። «እኔ ድምር ስሳሳት ከሰሌዳው ፊት አንበርክከውኝ ያውቃሉ» አለች። ያስታውሱ ይሆን አይሆን አላውቅም፤ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ያንበረከከውን ሁሉ አያስታውስም።

በዚያው ቀን ገበያ ዳር ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ልጅ ተጠርቶ መጣ። ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው የሚገርመው ማጠሩ ነው። ሶኬቱን ነቀለ፤ የቀረ ኤሌክትሪክ እንዳይኖር ማብሪያውን ተጭኖ ያዘ፤ የሲፒዩውን ጎን በሁለት ብሎን ፈታ። የክረምቱ አቧራ ተጋግሮ ነበር። ከማዘርቦርዱ ጥግ ያለችው ባትሪ መያዣዋን በጥፍሩ ገፋ ሲያደርግ ብድግ አለች። በቴስተር ለካት፤ ሁለት ቮልት እንኳ አልሞላችም። አዲሷን ያገኘው የወርቅ ሚዛን ከሚሸጥ ሱቅ ነው፤ ሚዛኑም የሚሠራው በዚያችው ባትሪ ነበርና። የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጎ አስገባት፤ ማሽኑን ሲከፍት በኤፍ ዋን ፈንታ ዲሊትን ተጫነ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ሞላ፤ ዲስኩ በትክክል መነበቡን አየ፤ በኤፍ ቴን አስቀመጠ። ከፎርማቱ ሒሳብ እጅግ ያነሰ ብር ጠየቀ። ሶኬቱን ባይነቅሉት ባትሪዋ ትቆያለች ብሎ ሲመክር እትዬ ከጓዳ ሆነው፣ «መብረቁን አንተ ትይዝልኛለህ?» አሉት። ተስማሙ፤ ክረምቱን ይነቀላል፣ ባትሪዋም ስታልቅ ትለወጣለች።

የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መምህሩ ከእጃቸው የቀረውን የካርኒ ጥራዝ ከሠንጠረዡ ጋር አንድ በአንድ ሲያመሳክሩ በ1994 የተቀበሩት ክፍያዎች ሁሉ ወጡ፤ እድሩ ያኔ አልተመሠረተም ነበር። ከዚያ ሌላ ነገር ወጣ። በውዝፍ ዝርዝር ስማቸው ከተጠራው ውስጥ የሚበዙት ተመልሰው መጥተው ከፍለዋል። ሁለተኛ ጊዜ። ካርኒያቸውን የጣሉት ተሳስተናል መሰለን ብለው፣ ያልጣሉት ደግሞ በወረቀት ላይ ከሰፈረ ነገር ጋር መከራከር ነውር መስሏቸው። የተከራከረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም እናቷ ባይሞቱ ኖሮ ትከራከር እንደሆነ እንጃ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ መምህሩ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። ገንዘብ ያዡ አንገቱን አቀረቀረ። የእድሩ ዳኛ አዩት።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ባንክ ያለው ገንዘብ ከመዝገቡ ይበልጥ እንደነበር አውቃለሁ» አለ። «ጎደለ እንዳልል አልጎደለም። ትርፍ ነው። ለትርፍ ማን ይጠይቃል ብዬ ተውኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከነሐሴ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ዳኛው ጠብ የማይወዱ፣ ሽምግልና የሚያውቁ ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው አረጋጉና፣ «እንግዲህ ያለፈው አልፏል» አሉ። «ለሴትዮዋ የሚገባት ይሰጣት፤ ይቅርታም ይጠየቅ። የቀረውን ትርፍ ግን ለአዲስ ድንኳን እናድርገው፤ የሁላችንም ነው።» ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ጊዜ ከከፈሉት ውስጥ እንኳ፣ «ይሁን፣ ይለፍ» ያሉ ነበሩ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ድንኳኑም አርጅቷል።

መምህሩ አልተቀመጡም።

«አይለፍ» አሉ።

«መምህር፣ ባለቤቶቹ እሺ ካሉ እኮ…»

«እሺ ማለት የሚፈልግ ገንዘቡን ይቀበል፤ ካርኒ ይፈርም፤ ከዚያ መልሶ ለድንኳኑ ይስጥ፤ ሌላ ካርኒ እቆርጥለታለሁ። እንደ ተሳሳተ ከተውነው ግን መዝገቡ አይገጥምም። ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ የሚጽፈው ሰው ይህን ትርፍ ከየት አመጡት ይላል?»

ድንች ነጋዴዋ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «የኔም ስም በድንኳን ውስጥ እንደተነሣ በዚህ ጉባኤ ፊት ይነበብ» አለች። «ከፍላለች ተብሎ።»

ተነበበ። ከሐምሌ እስከ ኅዳር ወር በወር፣ ከካርኒው ቁጥር ጋር። ቀጥሎ የሌሎቹ ስም ተጠራ፤ እያንዳንዱ እየወጣ ፈረመ። አንድ ሽማግሌ ፊርማዬ ይቅር፣ ድሮም አላጣሁትም ብለው ሲግደረደሩ ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዞ አስነሣቸው። ገንዘብ ያዡ ከረጢቱን ከፈተ፤ ያለው ሁሉ ባለ ሁለት መቶ ብር ነበርና መልስ የሚሆን ዝርዝር ጠፋ። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ሱቆች ሳይዘጉ ሊያስመነዝር ሮጦ ወጣ።